የዓርቡ ሥጋ

ይድረስ ቡታጅራ፣ በርበሬ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ለምትኖረው ለድሮዋ ወዳጄ።

እንዴት ነሽ? መዥገሩ ተወሽ ወይ? ክረምት ሲገባ የኋላ እግርሽን ይጨመድድሽ ነበር፤ ዘንድሮስ እንዴት አለፈ? የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ዛሬም በመጥረጊያ ነው የሚያባርርሽ፣ ወይስ አርጅቶ ተወሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ በእግሬ እቆማለሁ ማለቴ ነው። አንደኛው እግሬ ከሌሎቹ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ቀሪው እንደምታውቂው ነው።

እኔ ፊደል አላውቅም፤ አላፍርበትም። የወልቂጤን መናኸሪያ የገዛሁት በጥርሴ ነው፣ በፊደል አይደለም። ይህን የምትጽፍልኝ አታት ሆስፒታል በር ላይ የምትውል ድመት ናት። ከካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ተኝታ፣ ስም ሲጠራ እየሰማች ካርዱን እያየች ፊደል ለመድኩ ትላለች። ውሻ ሆኖ ለድመት መናገር ለኔ ምን ያህል እንደሚከብድ አንቺ ታውቂያለሽ። እየተንጎራደድኩ ነው የምናገረው። እሷ ደግሞ "አንድ ቦታ ቁም አባባ፣ ድምፅህ ይጠፋብኛል" ትለኛለች። መቆም አልችልም። መንገዱን ማየት አለብኝ።

የሚያደርስልሽ ቁራው ነው። መጀመሪያ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ለታሰረ ዶሮ ልሰጠው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ዶሮ ገበያ ሄዶ መልስ ይዞ ሲመጣ አይቼ አላውቅም። ስትቀበይው የመስጊዱ አጥር ላይ ለምትተኛዋ ድመት ስጫትና ታንብብልሽ። ጮክ ብላ አታንብብ። ለአንቺ ብቻ ነው።

ቁራው የላክሽውን ቃል አድርሶልኛል። "ዝናሩ የት ገባ? ልጄን ምን አደረግኸው?" ብለሻል። በሕይወት አለ። ይህን ከሁሉ በፊት ጻፊ አልኳት። አሁን ከአጥሩ ሥር ጥላ ላይ ተኝቷል፤ ጆሮው ግን ነቅቷል። የቀረውን ከሌላ አፍ ከምትሰሚ ከኔ ስሚ፣ ነውሩንም ጭምር።

መስቀል አልፎ ከተማው ገና አጥንት በአጥንት እያለ ነበር የላክሽልኝ። በርበሬ ከጫነ አይሱዙ ላይ እያስነጠሰ ሲወርድ መናኸሪያው ሁሉ ሳቀበት። "ይሄ የማን ነው?" አሉኝ። "የወዳጅ ልጅ ነው" አልኩ። ሌላ አልጠየቁኝም። እኔ ስናገር ሁለቴ የሚጠይቀኝ አልነበረም። አንቺም "አንተ ጋ ሆኖ ሥራ ይልመድ" ከማለት በስተቀር ሌላ ቃል አልላክሽም። እንደሰዎቹ መሆኑ ነው፤ ልጃቸውን ከተማ ላለው ዘመድ ልከው ንግድ ያስለምዱት የለ?

ሥራችን ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። የመናኸሪያውን በር እንይዛለን፣ እንግዳ ውሻ እናስወጣለን፣ ከሥጋ ቤቶቹ የሚወጣውን እንካፈላለን። ሥጋ ቤቶቹ በሁለት ረድፍ ናቸው። ከመንገዱ ወዲህ ግድግዳቸው ላይ መስቀል የተሳለባቸው፣ ከመንገዱ ወዲያ ጨረቃ የተሳለባቸው። የመስቀሉ ረድፍ የኔና የልጆቼ ነበር። የጨረቃው ረድፍ የአመዴ ነው። አመዴ ግራጫ ነው፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ በዕድሜ የማልበልጠው። ከታች ቄራውን የያዘው ጎማ ነው። ጎማ ያሉት የባጃጅ ጎማ ስለሚነክስ ነው። አንዱን አስተንፍሻለሁ እያለ ያወራል፤ እኔ አላየሁም።

ረቡዕና ዓርብ የመስቀሉ ረድፍ ባለ ሥጋ ቤቶች፣ እነዳምጤ፣ ይዘጋሉ። ሰው ይጾማል፤ ውሻን ግን ማን ጹም አለው? በሁዳዴማ የኛ ረድፍ ቡችላ እናቱ ሆድ ሥር ደርቆ ይቀር ነበር። ስለዚህ እኔና አመዴ ገና ጥርሳችን ሙሉ እያለ ተስማማን። ጾም ሲሆን የአመዴ ልጆች የማዶው ባለ ሥጋ ቤት ሙባሪክ ከወረወረላቸው ጅማትና ጉልጥምት ቆንጥረው፣ መንገዱን ተሻግረው፣ የዳምጤ ሥጋ ቤት ደረጃ ላይ ያኖሩልናል። ረመዳን ሲገባና ማዶ ያሉት ምግብ ቤቶች ቀን ሲዘጉ ደግሞ እኛ እናሻግራለን። ውሻ መስቀልም ጨረቃም የለውም፤ ያለው ሥጋ ቤት ነው።

ደረጃው ላይ ከተቀመጠው መጀመሪያ የምትበላው የምታጠባ እናት ናት። ቀጥሎ ሽማግሌ። ጎረምሳ አይቀምስም። ደግሞም ያ ሥጋ አይሸተትም። አንቺም እንደኔ ነሽ፣ ሳታሸቺ ውሃ እንኳ አትጠጪም፤ የደረጃውን ሥጋ ማሽተት ግን ሰጪውን ፊት ለፊት መስደብ ነው። ይመጣል፣ ይነሳል፣ ይዋጣል። እንዲህ ሆኖ ኖረ፤ አንድም ቀን ክፉ ነገር አልመጣበትም።

አሁን ወደ ልጅሽ ልመለስ። ጎበዝ ነው። ይሮጣል፣ አይሰርቀኝም፣ የተባለውን ይዞ ይመለሳል። አመሉ ግን እሳት ነው። ቄራ አካባቢ ብቻውን እንዳይሄድ ነግሬው ሄደ። ጎማ በጆሮው ይዞ፣ ሴቶቹ እያዩ፣ ደም የሚወርድበት ቦይ ድረስ ጎተተው። "የበርበሬ ልጅ! ሂድ እናትህ ወፍጮ ሥር ተኛ! ሲያስነጥስህ እንሰማለን!" አለው። ጎማ ሲሰድብ እናት ሳይነካ አይተውም። ዝናሩ ጆሮው ለሁለት ተቀዶ መጣ። "ጆሮ ነው፣ ይደርቃል" አልኩት። "አንተ ብትሆን ዝም ትል ነበር?" አለኝ። ዝም እንደማልል ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

ከብት ተራው ጋ በግ የሚያደልብ አንድ ሰውዬ አለ። በጎቹ ተነክሰውበት ሥጋ ላይ መርዝ እየነሰነሰ፣ በኮባ ጠቅልሎ፣ ከአጥሩ ውጭ ይጥላል። የወልቂጤ ውሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ በዚያ አጥር በኩል የሚያልፍ የለም። ዝናሩ አለፈ። ከኮባው ጫፍ በጥርሱ ይዞ፣ ምላሱን ወደኋላ ሰብስቦ፣ በጠራራ ፀሐይ መሃል ከተማ ይዞት ገባ። ዕለቱ ዓርብ ነበር።

ያሰበውን ኋላ ራሱ ነግሮኛል። ጎማ በጾም ቀን እየተሽሎከለከለ ከዳምጤ ደረጃ ሲሰርቅ አይቶታል። "ጎማ ስስታም ነው፣ ሳያሸት ነው የሚውጠው። ሌላው ቢያገኘው ግን አሽትቶ ይተወዋል ብዬ ነው" አለኝ። ልጅሽ ያላወቀው የደረጃው ሥጋ እንደማይሸተት ነው። ጎረምሳ ከደረጃው ስለማይበላ ሕጉን የነገረው የለም። ሥጋውን ከኮባው አውጥቶ ደረጃው ላይ አኖረና ሄደ።

ሻሼ መጣች። ሻሼን አታውቂያትም። ራሷ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር፣ ሻሽ ያሰረች የምትመስል። ከዳምጤ ደረጃ ሥር አዲስ ቡችሎች ነበሯት። አመዴ ዛሬ ፈጥኖ አሰበልኝ ብላ ይሆናል። አነሳች፣ ዋጠች። ጻፊው፣ አትዝለይው አልኳት፤ ይህች ድመት እንዲህ ያለውን መጻፍ አትወድም። ሻሼ መጀመሪያ እግሯ ከዳት፣ ከዚያ እየተንፈራገጠች ደረጃውን ወረደች። ወደ ቡችሎቿ ልትገባ ነበር። አልደረሰችም። አንዱ ቡችላ ወጥቶ ሬሳዋን ሊጠባ ይታገል ነበር።

ጎማ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ድንገት መንገዱ መሃል ቆሞ ሲጮህ ሰማሁት። "ጨረቃዎቹ መረዙን! ለስንት ዘመን ያጎረሷችሁ ለዚህ ነው!" ይላል። የኛ ልጆች ፀጉራቸው ቆመ። ቀኑ ሳይመሽ እንሻገር፣ የአመዴን ዘር እናጥፋ አሉ። ጎማ ሁለቱ ረድፎች ቢበላሉ ከታች መጥቶ ሁለቱንም እንደሚይዝ እኔ አውቃለሁ፤ ግን ሬሳ ፊት ቆመሽ ይህን ለማን ታስረጃለሽ?

አመዴ ብቻውን መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ጭራውን አላጠፈም። "ወንድሜ፣ ልጆቼ ዛሬ ገና አልተሻገሩም" አለኝ። ጎማ "ውሸታም! አንድ ዓይና!" አለው። አመዴ ወደሱ አልዞረም። እኔን ብቻ እያየ "በየት ይሻገራሉ?" አለኝ።

እውነቱን ነበር። ሻሼ ስትወድቅ የጁምዓ ሶላት ገና አላለቀም፤ ማዶ ያለው መስጊድ ሞልቶ ሰዉ መንገዱ ላይ ሰጋጃ አንጥፎ ነበር። በዚያ መሃል ደግሞ ውሻ አያልፍም። ሙባሪክም ዘግቶ ሰጋጆቹ መሃል ነበር፤ ቢላዋው አልተነሳም። ዓርብ ዓርብ የአመዴ ስጦታ የሚመጣው ሰዎቹ ሰጋጃቸውን አጥፈው ከተነሱ በኋላ ነው። ይህን ለልጆቹ ነገርኳቸውና "እስክመለስ ማንም እግሩን እንዳያነሳ" አልኩ። ቀስ ብለው ተቀመጡ። እንደዚያ የታዘዙኝ የመጨረሻ ጊዜያቸው ነበር።

ደረጃውን አሸተትኩ። የማይሸተተውን አሸተትኩ፤ ምን ላድርግ። የኮባ ሽታ አለ፤ ከሥሩ የልጅ ምራቅ አለ። የማን ምራቅ እንደሆነ አፍንጫዬ ነገረኝ፤ እኔ ግን እንዳልሰማ ሆኜ አንድ ዙር ዞርኩ፣ ተመልሼም አሸተትኩ። ያው ነው።

ዝናሩ የቆመ አውቶቡስ ሥር ተኝቶ ዘይት የተቀላቀለበት ኩሬ ሲልስ አገኘሁት። አፉ አረፋ ይዟል። "ምን ሆንክ?" አልኩት። "ሆዴን ነው" አለኝ። "አፍህን ክፈት" አልኩት፤ ጥርሱን ገጠመ። "ሻሼ ናት የሞተችው" ስለው ግን ራሱን መሬት ላይ ጣለ። "ለጎማ ነበር" አለኝ። "ለምን አላሸተተችም? ሁሉም ያሸታል እኮ፣ ለምን አላሸተተችም?" ይላል ደጋግሞ። ነገርኩት። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ያስመልሰው ነበር። መርዙ ከኮባው አልፎ ትንሽ ነክቶት ነበር፤ ቆዳው ጠንካራ ሆኖ ተረፈ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ይህን እንድታውቂ እፈልጋለሁ። ዝም ብል አመዴን ይበሉት ነበር፤ ልጅሽ ይድናል፣ እኔም መናኸሪያዬ ላይ እቀመጣለሁ። አመዴ ግን በዚያ ሁሉ ጾም ቡችሎቻችንን አብልቷል። ሄጄ የሆነውን እንዳለ ተናገርኩ። "የገደለው ዝናሩ ነው። ለጎማ ያኖረው ነበር" አልኩ። የጎማን ፊት አየሁት፤ ሞት በአጠገቡ ማለፉን ያኔ ነው ያወቀው።

በማግስቱ ጠዋት ከብት ተራው ጀርባ ካለው ዝግባ ሥር ሦስቱም ወገን ተቀመጠ። ሕጋችን አጭር ነው። ደም ያፈሰሰ አባት ካለው፣ ከአባቱ ጋር ከተማውን ይለቃል፤ እስኪጠሩ አይመለሱም። አባት የሌለው እዚያው ይቀራል። ይቀራል ስልሽ ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቶሻል። ወዳጅ አይቆጠርም፣ በእናት በኩል አይቆጠርም።

ዝናሩ መሃል ቆመ። አልተርበተበተም፤ ይህን በኩራት ነው የምነግርሽ። አመዴ "ይህ ልጅ ማን አለው?" አለ። ጎማ እየሳቀ ወደኔ መጣና "የወዳጅ ልጅ ነው ብለህ አልነበር? በል ሽማግሌው፣ ወደ ሻይ ቤትህ ሂድና ዳቦህን ብላ። እኛ ሥራችንን እንሥራ" አለኝ። ልጆቹ መክበብ ጀምረው ነበር። አመዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ወንድሜ፣ አስበህ ተናገር። ካወጣኸው አይመለስም" አለኝ።

"የኔ ነው" አልኩ።

ጎማ "በምን ይታወቃል?" አለ። አመዴ በዚያች ባንድ ዓይኑ የዝናሩን አንገት አየ፤ ያን ነጭ ጥለት። ቀጥሎ የኔን አንገት አየ። ነጭ አንገት በወልቂጤ ሞልቷል፤ ለጎማ እንዲህ ብዬ ልመልስለት ነበር። አመዴ ቀደመኝና "ጨርሰናል። መንገድ ልቀቁላቸው" አለ።

የሻሼን ቡችሎች የአመዴ ልጅ በአፏ እያንጠለጠለች አሻግራ ወሰደቻቸው። ከራሷ ጋር ታጠባቸዋለች። መናኸሪያውን ማን እንደያዘው አልጠየቅኩም፤ አትንገሪኝም።

ስንወጣ በመናኸሪያው በር አለፍን። ሻይ የምታፈላው ውድነሽ ጠዋት ጠዋት ደረቅ ዳቦ ትሰጠኝ ነበር። ሰዎቹ ያወጡልኝን ስም ይዛ "መቻል! መቻል! ወዴት ነው ደግሞ ዛሬ? ና እንጂ!" አለች። አልዞርኩም። ብዞር ልጆቹ ፊቴን ያዩታል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ ተኝተን አንድ ቦታ አልነቃንም። ጉብሬ፣ ዩኒቨርሲቲው ጋ፣ የተማሪዎቹን ፍርፋሪ የሚጠብቁ ውሾች መጡብን። እግሬን የነከሱኝ እዚያ ነው። ዝናሩ ሊገጥማቸው ሲል "አሁን ሁለት ነን፤ እንደ ድሮው መንጋ የለንም፣ ሩጥ" አልኩት። እኔ ሩጥ ስል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እሱም አልሰማም ነበር፤ ቆሞ አየኝና ሮጠ። ከዚያ መንገድ ላይ ኋላዬ እየመጣ "ዝግባው ሥር ያልከው እውነት ነው?" አለኝ። "ሂድ" አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠየቀኝ። "መንገዱን እያየህ ሂድ" አልኩት። ከዚያ በኋላ ከኋላዬ መሄድ ትቶ ከጎኔ መሄድ ጀመረ።

እኔም አንቺን አልጠይቅሽም። ቡታጅራ የከረምኩባት ክረምት አንድ ናት፤ በዚያች ክረምት ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ስንት ወንድ እንደቆመ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ በአደባባይ ተናግሬ ጨርሻለሁ። አይደለም የምትይ ብትሆኚ እንኳ ለቁራው እንዳትነግሪው። ቁራ ምስጢር አይችልም፤ ወሬው ወልቂጤ ከደረሰ ደግሞ ጎማ ልጁን ፈልጎ ይመጣል።

ነገ በአረቅጥ በኩል ተራራውን ወጥተን ወደናንተ እንወርዳለን። ይህች ድመት "አረቅጥ ብርድ ነው፣ ጅቡም ሰው አይፈራም፤ በዚህ እግርህ አትሂድ" ትለኛለች። ማን ጠየቃት? ልጁ እናቱ ጋ መግባት አለበት። ጅብን እኔ ከሷ የበለጠ አውቀዋለሁ። ሁለት ሲያይ ሁለቱንም አያባርርም፤ የዘገየውን ነው የሚጠብቀው። አንዱን ካገኘ ይቀመጣል፣ ሌላው ብዙ መንገድ ይሄዳል። ዝናሩን "ቁም ብዬ እስካልጠራሁህ ድረስ ወደኋላ እንዳትዞር" ብዬዋለሁ። እሺ ብሏል። አልጠራውም።

ስለዚህ ደጅሽ ላይ ብቻውን ቢደርስ "የት ትተኸው መጣህ?" እንዳትዪው። መጀመሪያ ውሃ ስጪው። ጆሮው እንደተቀደደ ደርቋል፣ ደግመሽ አትላሽው፤ ይቆጣል። የሠራውን ለጎረምሶች እንደ ጀግንነት እንዳያወራ። የሻሼን ስም ግን ይወቅ፣ እንዳይረሳ። ጎማን ሊበቀል እነሳለሁ ካለ "አባትህ አልፈቀደም" በዪው። እንዲህ ስትዪው አፍሽ ላይ ቢከብድሽም በዪው።

በይ ደህና ሁኚ። ደጅሽ አጥንት አይጣ። መጪው ክረምት ይለፍልሽ፣ እግርሽ ይፍታታልሽ፣ የዚያ የወፍጮ ቤት ሰውዬ መጥረጊያ ከእጁ ይሰበር። የልጅሽን ልጆች ለመላስ ያብቃሽ። ቁራው ክንፉን እያራገበ ነው፤ ዝናሩም ተነስቶ መንገዱን እያየ ነው።

ጸሐፊዋ "ከማን ልበለው?" ብላ ጠየቀችኝ። መቻል የሚለው ሰዎቹ ያወጡት ነው፣ ተይው አልኳት። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፤

የዝናሩ አባት